ልጇን አዝላ የምትወጣው እንቁራሪት፦ የሳራፒኪ የጠዋት ጉብኝት

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለዓመታት «እንቁራሪት እንቁላሏን ውሃ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ኮስታ ሪካ ውስጥ፣ ሳራፒኪ በሚባለው አካባቢ ደን ገብቼ ካየሁ በኋላ ግን ይቺን ዓረፍተ ነገር እንደ ድሮው አልደግማትም።

የሄድኩት አንድ አስጎብኚ ድርጅት በሚያዘጋጀው የሦስት ሰዓት የእግር ጉብኝት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተነሳን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ጫካው ገና ይንጠባጠባል። የላስቲክ ቦት ያውሳሉ፤ በእኔ ቁጥር ግን አልነበራቸውም። ሰፊ ቦት አጥልቄ ጭቃው ላይ ስንሸራተት አረፈድኩ። ይሄን ቢያስተካክሉ ጥሩ ነው።

ብሉ ጂንስ የሚሏትን እንቁራሪት መጀመሪያ የሰማነው በጆሮ ነው። ወንዱ የወደቀ ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ነፍሳት ጥዝ ጥዝ ይላል። ርዝመቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ገላው ደማቅ ቀይ፣ እግሮቹ ሰማያዊ፤ እውነትም ጂንስ የለበሰ ይመስላል። ፓናማ ውስጥ ቦካስ ዴል ቶሮ ደሴቶች ላይ ይኸው ዝርያ አረንጓዴም፣ ብርቱካናማም፣ ሰማያዊም ሆኖ ይገኛል።

አስጎብኚያችን ድንገት እጇን አንስታ አስቆመችን። አንዲት እናት ጅራታም እጭ ጀርባዋ ላይ አዝላ ትሄዳለች። እጩ ጥቁር ነው፤ ጭራውን ዘርግቶ ልጥፍ ብሎባታል። እንቁላሉን የምትጥለው መሬት ላይ፣ እርጥብ ቅጠል ውስጥ ነው፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ። እንዳይደርቅ የሚያረጥበው አባትየው ነው። ሲፈለፈሉ እናትየው አንድ በአንድ እያዘለች፣ የቅጠላቸው ብብት የዝናብ ውሃ ወደሚያቁር ተክሎች ትወስዳቸዋለች። ያቺም ቅጠሉ ጋ ስትደርስ ዞረች። በቂጧ ወደ ኋላ እየሄደች ውሃው ውስጥ ተነከረች። ልጅየው ከጀርባዋ ወረደ።

ነገሩ እዚያ አያበቃም። በየጥቂት ቀኑ እየተመለሰች ያልዳበረ እንቁላል ትጥልለታለች። ምግቡ እሱ ብቻ ነው። ስትመጣ እጩ ገላውን ገትሮ እየተንቀጠቀጠ ይለምናታል። ኡፋጋ የሚለው የሳይንስ ስሟ ራሱ «እንቁላል በላ» ማለት ነው። እንቁራሪቷ መርዛም ናት፤ በዚያው እንቁላል ውስጥ መርዟንም ታካፍለዋለች። እሷ መርዙን የምታገኘው ከምትበላቸው ጉንዳኖችና ከአፈር ጥቃቅን ፍጥረታት ነው። በሰው ቤት ተወልደው ሌላ ምግብ እየተሰጣቸው ያደጉት መርዝ የላቸውም።

ይሄን ሁሉ የነገረችን አስጎብኚያችን ነች፣ ያውም በሹክሹክታ። አንድ ጎብኚ ሊነካት እጁን ሲሰድ በትህትና ከለከለችው። እጃችን ላይ ያለው የትንኝ መከላከያ ቅባት እንቁራሪቷን እንደሚጎዳትም አስረዳችው። ለዚች ሴት ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

ቅር ያለኝ የሰው ብዛት ነው። 11 ነበርን፤ መንገዱ ደግሞ ቀጭን ነው። ከኋላ የነበሩት ባልና ሚስት ያዩት የእኛን ጀርባ ብቻ ነው። ቦታ ለቀቅኩላቸው፤ እስኪጠጉ ግን እናትየዋ ቅጠል ስር ገብታ ነበር። ለእንደዚህ ያለ ነገር ከ6 ሰው በላይ መሆን የለበትም። ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰው እንደሚሄድ ጠይቁ። ዝናብ ያደረበትን ጠዋት ምረጡ፤ ከቅርብ የሚያሳይ መነጽር ካላችሁም ያዙ።

ስንመለስ በዚያው ተክል በኩል አለፍን። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቡና ስኒ በማትሞላ ውሃ ውስጥ እጩ ብቻውን ነበር፤ ጭራው ብቻ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።