ለእድገት ላመልክት አላመልክት ስል የክላንስን መጠይቅ ሞላሁ

ፍርዴን ላስቀድም። መጠይቁ ጥሩ ነው፤ ግን ብዙዎቻችን የምንሞላው እሱ ለማይመልሰው ጥያቄ ነው። ከ5ቱ ነጥብ 3 ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

ለማያውቁት፦ ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 በትምህርትም በሥራም የተሳካላቸው ከ150 በላይ ሴቶችን አይተው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሴቶቹ ዲግሪው አለ፣ ሽልማቱ አለ፣ የሰው ምስጋና አለ፤ ውስጣቸው ግን «ሰው አታልዬ ነው እዚህ የደረስኩት፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል» ይላቸዋል። ወንዶችም እንደማይቀርላቸው በኋላ ታየ። ክላንስ በ1985 መለኪያ አወጣችለት፤ ዛሬ «የኢምፖስተር ቴስት» (ኢምፖስተር አስመሳይ፣ አታላይ ማለት ነው) እየተባለ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

አሞላሉ ቀላል ነው። 20 ዓረፍተ ነገሮች አሉ፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ትሰጣላችሁ፣ ትደምራላችሁ፣ አለቀ። መመሪያው ብዙ ሳታሰላስሉ መጀመሪያ የመጣላችሁን ሙሉ ይላል፤ ደግ አደረገ፣ ምክንያቱም የእኔ ቢጤ ጊዜ ካገኘ «3 ልበል ወይስ 4» እያለ በጥርጣሬው ላይ ሌላ ጥርጣሬ ይደርባል። እስከ 40 ከሆነ ስሜቱ እምብዛም የለባችሁም፣ እስከ 60 መካከለኛ ነው፣ እስከ 80 ቶሎ ቶሎ ይመላለስባችኋል፣ ከዚያ በላይ ከብዷል። (ዜሮ ማምጣት አይቻልም፣ ትንሹ 20 ነው። ማንም ነጻ አይወጣም ማለት ነው።) እኔ 60ን አልፌ ሄጃለሁ።

የወደድኩለት ስለ ምስጋና የሚጠይቀውን ነው። ሰው ሥራችሁን ሲያደንቅ መቀበል ይከብዳችኋል ወይ፣ ዓይነት። እዚህ ጋ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። በቅርቡ አለቃዬ ስብሰባ መሃል «ሪፖርቱ አሪፍ ነው» ስትለኝ ምን ብዬ መለስኩ? «ኧረ ፎርማቱን ከድሮው ነው የወሰድኩት!» ከየክፍሉ ቁጥር እየለመንኩ የሰበሰብኩት እኔ፣ ሰንጠረዡን ከባዶ የሠራሁት እኔ፣ ያወራሁት ስለ ፎርማት። ይሄን ማየቱ ብቻ ለጠፋው ጊዜ ካሰኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። መጠይቁ ትሕትናንና ጥርጣሬን አይለይም። ስለ ራሱ ማውራት የማይወድ ሰው፣ ሥራውን እንደሚችል ልቡ ቢያውቅም፣ ነጥቡ ሊያሻቅብ ይችላል። ዋናው ችግር ግን የሚለካው ስሜት እንጂ ችሎታ አለመሆኑ ነው። ውጤቱን አይተው «በቃ፣ ኢምፖስተር ነው እንጂ እኔማ ብቁ ነኝ» የሚሉ አሉ። እንዴ! አንዳንዴ እኮ ጥርጣሬውም እውነት አለው። ማስታወቂያው በጀት ያስተዳድራል ካለና እናንተ በጀት ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይሄ የስሜት ጉዳይ አይደለም።

ሥራውን ትፈልጉታላችሁ ወይ ብሎም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ የ131 ኩባንያዎችን የሽያጭ ሠራተኞች የተከታተለ ጥናት አለ። በሽያጭ የበለጡት ለአለቅነት በብዛት ይታጫሉ፤ የበታቾቻቸው ውጤት ግን ያን ያህል ጎበዝ ሻጭ ካልነበሩት አለቆች ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «ሥራዬንስ እችላለሁ፣ ሰው መምራት እችል ይሆን?» ብሎ ማሰብ የጤና ነው። እኔ እንዲያውም ይህን ያልጠየቀ አለቃ ያስፈራኛል።

እኔን የጠቀመኝ መጠይቁን ከሞላሁ በኋላ የክፍት ቦታውን ማስታወቂያ አጠገቡ ማስቀመጤ ነው። በተፈላጊ ችሎታው በእያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት የሠራሁትን ሥራ ብቻ ጻፍኩ። «እችላለሁ» «አልችልም» የሚል ቃል የለም። ባዶ የቀረው የበጀቱ መስመር ነበር። ታራ ሞር የምትባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጽሑፍ ከ1000 በላይ ወንዶችንና ሴቶችን ለምን ሳያመለክቱ እንደቀሩ ጠይቃ ነበር፤ በብዛት የመጣው መልስ «ሥራውን አልችለውም» ሳይሆን «መስፈርቱን ስለማላሟላ አይቀጥሩኝም፣ ለምን እለፋለሁ» የሚል ነው። ገና ማንም ሳይጥላቸው ራሳቸውን ጣሉ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይሏል ይሄ ነው።

ለማን ይሆናል? የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ ለሚያመነታ ሰው ይሆናል። ለቃለ መጠይቅ ዋዜማ ግን እንዳትነኩት፤ ስለ ፍርሃታችሁ 20 ጊዜ ጠይቆ እንቅልፍ ይነሳችኋል። የእኔ ማመልከቻ ገብቷል፣ መልሱ ገና ነው። እስከዚያው ፋይናንስ ክፍል ያለች ጓደኛዬ በምሳ ሰዓት የበጀት አዘገጃጀት እያሳየችኝ ነው፣ እና እንደፈራሁት አይደለም።