ሥዕሎቹን አስቀድሙ፣ መግለጫዎቹን ግን መጨረሻ ላይ አንብቡ

ስደተኞችና ዲያስፖራዎች ሥራቸውን በማኅበረሰብ አዳራሽ ሲያቀርቡ ከሰማሁ ሳላይ አላልፍም። እንጀራዬ ሥዕል ፍሬም ማድረግ ስለሆነ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው አሰቃቀሉ ላይ ነው። ሰሞኑን በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የተከፈተውን ዐውደ ርእይ አይቼ ወጣሁ። ሂዱና እዩት እላለሁ፤ የምቆጭበትን ነገር ግን ሳልናገር አልቀርም።

ብዙ ሰዓት ያቆመኝ በግራጫ የእርዳታ ብርድ ልብስ ላይ የተጠለፈ ሥራ ነው። ሠሪዋ ያደገችበትን ከተማ ጎዳናዎች እንደ ካርታ በቀይ ክር ጠልፋቸዋለች። ጠባቡን መንገድ በነጠላ ክር፣ አውራ ጎዳናውን በድርብ ሠርታዋለች። የምታስታውሰው ሰፈር ላይ ስፌቱ ድቅቅ ያለና ጥብቅ ነው፤ ወደ ዳር ሲሄድ ይላላል፣ አንዳንዱ መንገድም መሐል ላይ ይቋረጣል። ብርድ ልብሱን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቃ ስለሰቀለችው ዞሮ ለሚያይ ከጀርባ ያሉት ቋጠሮዎችና የተንጠለጠሉት ክሮች ጭምር ይታያሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ነገር ታስቦበት የተሠራ ነው።

አጠገቡ የተለጠፈው መግለጫ ግን ስለ ክሩም ሆነ ስለ ካርታው አንድም ቃል አይልም። ሴትየዋ ከየት እንደተሰደደች፣ ስንት ድንበር እንዳቋረጠች፣ መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ምን እንደደረሰባት በዝርዝር ይተርካል። ሥራው የተሠራበት ዓመት የለም፣ መጠኑ የለም፣ ርእስ እንኳ የለውም። እዚያው ስለነበረች ጠየቅኋት። ርእስ አለው፤ «ወደ ትምህርት ቤት» ይባላል። አዘጋጆቹ ባስሞሏት ቅጽ ላይ ግን ለርእስ የተተወ ቦታ አልነበረም፤ «ታሪክዎን በአጭሩ ይግለጹ» የሚል ብቻ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። አዘጋጆቹ ቅን ሰዎች እንደሆኑ አያጠራጥርም፤ መግቢያው ነፃ ነው፣ በጎ ፈቃደኞቹም ጎብኚን በትዕግሥት ያስተናግዳሉ። ነገር ግን ሰው እያዘነ ገብቶ እያዘነ ይወጣል እንጂ ስለ ሥዕሉ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ከአገር ወጣች። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ሰው የሚያወራው የሕንፃ ንድፎችን ንብርብር አድርጋ በላያቸው ስለምትሞነጫጭርባቸው ግዙፍ ሸራዎች ነው። ከበደች ተክለአብም በሶማሊያ እስር ለዓመታት ከማቀቀች በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥዕል ተማረች፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በዋሽንግተኑ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም የኢትዮጵያ ዲያስፖራ ሠዓሊያን ሥራ ሲቀርብ የእሷም አብሮ ታየ። መከራዋ ትልቅ ነው፤ ሙዚየም ያስገባት ግን ሥራዋ ነው። ብርድ ልብስ የምትጠልፈዋም ሴት እንዲሁ በሥራዋ ልትመዘን ይገባታል።

ታሪክ ይቅር ማለቴ አይደለም። በስተግራ ባለው ግድግዳ የአንድ ወጣት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አሉ፤ ሁሉም የውሃ ወረፋ ናቸው፣ ሰው ግን አይታይባቸውም፤ የተሰለፉት ጀሪካኖች ብቻ ናቸው። ከፎቶዎቹ ግርጌ የማን ጀሪካን እንደሆነ፣ ባለቤቱ በዚያ ሰዓት የት እንደሄደ ራሱ በእጁ ጽፏል። ያለዚያ ጽሑፍ ፎቶዎቹ ጎደሎ ይሆኑ ነበር። እሱ ታሪኩን የሥራው አካል አድርጎ መርጦታል፤ ብርድ ልብሱን የጠለፈችውን ሴት ግን የጠየቃት የለም።

ከሙያዬ አንጻር አንድ አጣዳፊ ነገር አለ። የውሃ ቀለም ሥዕሎቹ የተሰቀሉት በትልቁ መስኮት ትይዩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ያገኛቸዋል። ሙዚየሞች ወረቀት ላይ ለተሠራ ሥዕል ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ደብዘዝ አድርገው የሚይዙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በብርሃን የደበዘዘ ቀለም አይመለስም። ሥዕሎቹን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ማዛወር ምንም ወጪ የለውም። አንዳንዶቹ ደግሞ ከቁመት በላይ ተሰቅለዋል፤ የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይመቻል። የዘይት ቀለሞቹና የሸክላ ሥራዎቹ ደህና ቦታ አግኝተዋል።

መግዛት ለምትፈልጉ፦ ዋጋ አልተለጠፈም፣ ሠዓሊውን ራሱን ጠይቁ። የንግድ ጋለሪዎች ከሽያጩ ግማሽ ያህሉን መውሰዳቸው የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ገንዘቡ በሙሉ ለሠሪው ነው የሚገባው። ሠዓሊዎቹ በብዛት የሚገኙት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ስታገኟቸው በምን እንደሠሩት፣ ለምን ያንን ቀለም እንደመረጡ ጠይቋቸው፤ ለመልሱ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። አዘጋጆቹም ቅጹ ላይ ለርእስ፣ ለተሠራበት ቁስ፣ ለዓመትና ለመጠን መስመር ይጨምሩ፤ የሕይወት ታሪክ የሚለውን ደግሞ «ከፈለጉ» ይበሉት። ይህንኑ አስተያየት መስጫው መዝገብ ላይ ስሜንና ስልኬን ጨምሬ ጽፌላቸዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ዐውደ ርእይ አሰቃቀሉን በነፃ ላግዝ ዝግጁ ነኝ።