ማዝዳ ሚያታ በኃይለኛ ነፋስ እንዴት ነው? ከጎልደን እስከ ቦልደር የነዳው ሰው አስተያየት

እዚህ ዴንቨር ያሉ ልጆች መኪናዬን ባዩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፣ «ይሄ ቀላል መኪና ነፋስ አያነሳውም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው ምክንያቱም ኮሎራዶ ውስጥ በተለይ ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ነፋስ ቀልድ አያውቅም፣ መኪናው ደግሞ 1,060 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የሚመዝነው። ስለዚህ ስለ ፍጥነቱና ስለ ውበቱ ብዙ ስለተወራ እኔ ስለ ነፋሱ ብቻ ልጻፍ ብዬ ነው።

የኔ 2019 ሞዴል ሚያታ ነው፣ ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ የስፖርት መኪና፣ የሚከፈት ሸራ ጣሪያ፣ ማንዋል ማርሽ፣ 2 ሊትር ሞተር 181 የፈረስ ጉልበት ያለው። ብዙ የምነዳበት መንገድ ደግሞ ከጎልደን ወደ ቦልደር የሚወስደው ሃይዌይ 93 ነው። ይሄን መንገድ የማታውቁት ካላችሁ፣ በስተምዕራብ የሮኪ ተራራ ቁልቁል አለ፣ በስተምስራቅ ሜዳ ነው፣ ነፋሱን የሚያቆመው ዛፍም ህንፃም የለም ማለት ይቻላል። አየሩ ከተራራው ጫፍ ወደታች ሲወርድ እየሞቀና እየፈጠነ ስለሚመጣ ሜዳው አፍ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ከባድ ነው፣ ቺኑክ የሚሉት ይሄንኑ ነው። የአሜሪካ መንግስት የነፋስ ተርባይን መሞከሪያ ጣቢያውን እዚሁ መንገድ ዳር የተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ታህሳስ መጨረሻ 2021 (በፈረንጅ) ሱፐርየርና ሉዊቪል ላይ ከ1,000 በላይ ቤት የበላው እሳት ሲነሳም ነፋሱ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ሄዷል። እንደዛ ባለ ቀን ሚያታም ሆነ ሌላ መኪና ይዞ መውጣት አያስፈልግም፣ እኔ የማወራው በሰዓት 40 እና 50 ማይል ስለሚመታው፣ እዚህ ሰው ስራ ውሎ ስለሚገባበት ነፋስ ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ብዙ ሰው ክብደቱን ብቻ ነው የሚያየው ግን ነፋስ መጀመሪያ የሚያገኘው ቁመትን ነው። ሚያታ ከመሬት እስከ ጣሪያ 1.23 ሜትር አካባቢ ነው፣ ግማሹ ሀበሻ የሚነዳው ቶዮታ ራቭ ፎር ደግሞ 1.7 ሜትር ይደርሳል። የወንድሜን ራቭ ፎር በዚሁ መንገድ ነድቼዋለሁ፣ ነፋስ ሲመታው መኪናው ከላይ ዘንበል ይላል፣ ሰውነትህ ወንበሩ ላይ ሲወዛወዝ ይታወቅሃል፣ ሚያታ ውስጥ ይሄ ስሜት ጭራሽ የለም። አይዘነብልም፣ ይገለበጣል ብዬም አንድም ቀን ሰግቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም ክብደቱ ሁሉ መሬት አጠገብ ነው ያለው።

ያለው ችግር ሌላ ነው። ነፋስ ከጎን ሲመጣ የመኪናውን አፍንጫ ከጭራው በላይ ነው የሚገፋው፣ ስለዚህ መኪናው ወደጎን ከመንሸራተት በፊት አፍንጫው ትንሽ ይዞራል። ረጅም መኪና ላይ ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚሆነው፣ ሚያታ ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.31 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይዞራል። በዛ ላይ መሪው ፈጣን ነው፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የምንወድለት ነገር፣ ጣትህን ስታንቀሳቅሰው የሚሰማህ መሪ፣ ነፋስ ላይ ስራ ያበዛብሃል። ነፋሱ መኪናውን የግማሽ ጫማ ያህል ያስወጣዋል፣ ሹፌሩ ደንግጦ በመሪው አንድ ጫማ ያህል ይመልሰዋል፣ ነፋሱ ደግሞ በዛው ቅጽበት ይተወዋል፣ ከዛ መኪናው በሌላው በኩል ይወጣል። ሚያታ በነፋስ ይዋልላል የሚሉ ሰዎች አብዛኛው የሚያወሩት ስለዚህ ይመስለኛል፣ ግማሹ ነፋሱ ነው ግማሹ እጃቸው ነው። መሪውን ላላ አድርጎ በሁለት እጅ ይዞ፣ ዓይንን ሩቅ ጥሎ፣ መኪናው ትንሽ ይንቀሳቀስ ብሎ መተው ነው፣ ራሱ ይመለሳል።

ወጥ ሆኖ የሚነፍስ ነፋስ ምንም አይደለም፣ 30 ማይል ይሁን 40 ማይል መሪውን ትንሽ ወደሱ አዘንብለህ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ከትንሽ ቆይታ በኋላ እንደያዝከውም ትረሳዋለህ። አስቸጋሪው መጣ ሄደ የሚለው ነው። 93 ላይ መንገዱ ኮረብታ ተቆርጦ የሚያልፍባቸው ቦታዎች አሉ፣ እዛ ውስጥ ስትገባ ነፋሱ ፀጥ ይላል፣ ስትወጣ በአንዴ ይመታሃል። ወደ ሰሜን ስሄድ ነፋሱ ከግራዬ ስለሚመጣ የሚገፋኝ ወደ መንገዱ ጠርዝ ነው፣ ያ ብዙም አያስጨንቅም። ስመለስ ግን ከቀኝ መጥቶ ወደ መሀል መስመር ይገፋኛል፣ አብዛኛው መንገድ ደግሞ ሁለት መስመር ብቻ ነው መሀሉ ላይ አጥር የለውም፣ ፊት ለፊት ፒክአፕ እየመጣ ነው። ስለዚህ ሲመለሱ ከመስመሩ መሀል ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ መንዳት፣ ፍጥነትም መቀነስ። ከ65 ወደ 50 መውረድ ነፋሱን አያቆመውም ግን ግፊቱን ይቀንሰዋል፣ ከሁሉም በላይ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል።

ተሳቢ መቅደም ለብቻው መነገር አለበት። ተሳቢው በነፋሱ በኩል ሆኖ አጠገቡ ስትሄዱ ነፋሱን ይከልልላችኋል፣ መሪውን ወደ ነፋሱ አዘንብላችሁ የያዛችሁት ከሆነ መኪናው ወደ ተሳቢው መሳብ ይጀምራል፣ ከዛ አፍንጫውን አልፋችሁ ስትወጡ ሙሉው ነፋስ በአንዴ ይመጣል። ሚያታ ውስጥ ተቀምጣችሁ የተሳቢው ጎማ በጆሮአችሁ ልክ ነው የሚሽከረከረው፣ በጣም ያስፈራል። ወደ ዋዮሚንግ ወጥታችሁ አይ-80 ሃይዌይ ላይ ከላራሚ ወደ ራውሊንስ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ባዶ ተሳቢ በነፋስ ተገልብጦ ማየት የተለመደ ነው፣ ስቴቱ ራሱ ቀላልና ቁመታቸው ከፍ ያሉ መኪናዎችን የሚከለክልበት ቀን አለ። ክልከላው ሚያታን አይመለከትም፣ ቀላል ቢሆንም ቁመቱ አጭር ነው። ግን በዛ ቀን ሚያታ ይዤ አልወጣም፣ የኔ መኪና ይገለበጣል ብዬ ሳይሆን አጠገቤ ያለው ተሳቢ የሚወድቀው ወዴት እንደሆነ ስለማውቅ ነው!

ከፊት የሚመጣ ነፋስ ላይ መሪው ምንም አይሆንም ግን ሞተሩ ይደክማል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባህር ጠረፍ በ15 ፐርሰንት ገደማ የሳሳ ነው፣ ይሄ ነፋሱንም በዛው ልክ ያቀልለዋል፣ እንደ ሚያታ ያለ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ግን ጉልበቱን ያጣል። አይ-70 ላይ ወደ ተራራው ስትወጡ ነፋስ ከፊት ከመጣ ከ6ኛ ወደ 5ኛ አንዳንዴም ወደ 4ኛ መውረድ ግድ ነው። ማርሹ እንደ ቅቤ ስለሚገባ እኔ አልጠላውም።

ድምፁ ከባድ ነው፣ ይሄን አልደብቅም። ሸራው በ75 ማይል ወደላይ ይነፋል፣ የጎን ነፋስ ሲጨመርበት በመስታወቱና በሸራው መገናኛ ላይ ያለው ፉጨት ስልክ አያስወራም፣ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ ደግሞ እስከ 50 ማይል መስታወቶቹን ከፍ አድርጋችሁ ከነዳችሁ ጥሩ ነው፣ የጎን ነፋስ ካለ ግን አቧራና ጠጠር ዓይን ውስጥ ስለሚገባ አትሞክሩት። ቆማችሁ ስትከፍቱትም ስትዘጉትም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሩ፣ ነፋስ ከኋላ ሆኖ ግማሽ የተከፈተ ሸራ ካገኘ ከእጃችሁ ነጥቆ ነው የሚወስደው። በሩም እንደዛው ነው፣ ቀላል በር ስለሆነ በእጃችሁ ይዛችሁ ክፈቱት።

የጎማ አየር ግፊት ላይ ፋብሪካው ያለው 29 ፒኤስአይ ነው፣ እሱን ጠብቁ። አንዳንድ ጎማ ቤት እንደሌላው መኪና 35 ይሞላበታል፣ ያኔ መኪናው በየጉድጓዱ ይዘላል፣ ነፋስ ላይ ደግሞ ይብስበታል። የኔም ላይ እንደዛ ተሞልቶ መንገዱን ሁሉ ስታገል ነው የሄድኩት፣ አስተንፍሼው ሌላ መኪና ሆነ። የጎማ አቅጣጫ አሰላለፍም በደንብ ካልተስተካከለ ነፋሱን ሳይሆን መኪናውን ነው የምትወቅሱት።

ልግዛ ብሎ ለሚጠይቀኝ ነፋሻማ ቦታ የሚኖር ሰው መልሴ አዎ ነው፣ ምርጫው ሸራውና አርኤፍ የሚባለው ጠንካራ ጣሪያ ያለው መሀል ነው። አርኤፍ 50 ኪሎ ገደማ ይከብዳል፣ ተዘግቶ ሲነዳ ከሸራው ፀጥ ያለ ነው፣ በየቀኑ ሃይዌይ ለሚመላለስ ሰው ያዋጣል። ጣሪያው ተከፍቶ በሃይዌይ ፍጥነት ሲነዳ ግን ከኋላ ያለው ምሰሶ ነፋሱን ጆሮ ላይ ያዞረዋል፣ ሸራው ሙሉ ሲከፈት የሚሰጠውን ያህል አይመችም። እኔ ጣሪያ ለመክፈት ብዬ ስለገዛሁት ሸራውን ነው የመረጥኩት፣ ዛሬም ብገዛ እሱኑ ነው።