ጠዋት ሲነሳ ለሚንኳኳ አሮጌ ቶዮታ፣ እኚህን መካኒክ ያዙ

አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) እና አካባቢው አሮጌ ፒክአፕ የምትነዱ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ማመስገን ያለብኝ ሰው አሉ።

መኪናዬ የ1993 ቶዮታ ፒክአፕ ናት፣ ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደሩ 22 አር ኢ። ጠዋት ስትነሳ ከፊት በኩል ክርርር የሚል ድምጽ ታሰማና ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቆይታ ጸጥ ትላለች። አንድ ጋራዥ ወስጃት "ሞተሩ አልቋል፣ ቀይር" አሉኝ። የጠሩት ዋጋ መኪናዋን ራሷን ይገዛል። ያውም ያዳመጧት ሞቃ እያለች ነው!

እኚህ አባት ግን ገና ስነግራቸው "እዚህ ትደር" አሉ። ጠዋት ስመጣ ኮፈኑን ከፍተው መጀመሪያ ሞተሩ መቀዝቀዙን በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ የሞተሩ የፊት ክዳን ላይ፣ እጀታውን ደግሞ ጆሯቸው ላይ አድርገው "በል አስነሳ" አሉኝ።

"ሞተሩ ደህና ነው ልጄ፣ ካቴናው ነው።"

የዚህ ሞተር የታይሚንግ ካቴና፣ ማለትም የሞተሩን የላይና የታች ክፍል አብሮ የሚያዞረው ሰንሰለት፣ የሚሮጠው መስመሩን እንዳይለቅ በሚይዙት የፕላስቲክ መምሪያዎች መሃል ነው። የሚወጥረው ዕቃ ደግሞ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ መኪናው ቆሞ ሲያድር ግፊቱ ይወርድና ጠዋት ዘይቱ እስኪደርስ ካቴናው ላልቶ ይማታል። ፕላስቲኩ ከተሰበረማ ካቴናው የፊት ክዳኑን እየፋቀ ይበላዋል፣ ከበሳው የራዲያተር ውሃ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ሞተር የሚሞተው ያኔ ነው።

የቫልቭ ክዳኑን አንስተው በባትሪ አሳዩኝ። በሹፌሩ በኩል ያለው ፕላስቲክ ተሰብሮ ወድቋል። ሲፈቱት ክዳኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት አገኘን፣ ጥፍሬን ስሰድበት ይይዘኛል። ግን ገና አልተበሳም። ስብርባሪው የዘይቱን ወንፊት እንዳይደፍን ከታች ፈተው አጸዱ። አዲስ ካቴና፣ አዲስ ወጣሪ፣ ጀርባቸው ብረት የሆነ መምሪያዎች ገጠሙ። አሮጌውን ዕቃ በሙሉ በካርቶን አስረከቡኝ። ዋጋውም ሳይጀምሩ የነገሩኝ ነው፣ አንድ ሳንቲም አልጨመሩም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ምክራቸውንም ላካፍላችሁ። ዘይት በጊዜው ቀይሩ። ፊልትሮ ስትገዙ ርካሹን አትዩ፣ ዘይቱ ሌሊት ወደ ኋላ እንዳይፈስ የሚይዝ ጎማ ያለውን ግዙ፤ አንዳንዴ ለጠዋቱ ድምጽ ጥፋተኛው ፊልትሮው ብቻ ስለሚሆን መጀመሪያ እሱን መቀየር ነው። እንደተነሳ ነዳጅ አትርገጡ። የራዲያተር ውሃ ያለምክንያት ከቀነሰ ወይ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ጭራሽ አታስነሱት፣ አስጎትቱት።

ስልካቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። ስትደውሉላቸው ግን መኪናችሁ እዚያ እንዲያድር ተዘጋጁ፣ ሞቆ የመጣ ሞተር አያዳምጡም።