ኤዲፋየር አር1280ዲቢ ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር፦ ለኮንዶሚኒየም ሳሎን የሚበቃ ድምፅ

ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቲያትር የሚገጥም ሰው ውሎ አድሮ በሁለት ስፒከር ነው የሚቀረው። ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቀመጥ የኋላዎቹ ቦታ ያጣሉ። ሽቦአቸው በር አካባቢ እግር ይጠልፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ተነቅለው ካርቶናቸው ውስጥ ይገባሉ። ቤዝ ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈሩም ቢሆን ዕድሜው የታችኛው ፎቅ ጎረቤት አንድ ማታ መጥቶ በር እስኪያንኳኳ ድረስ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ደህና ስፒከር ገዝቶ በወጉ መግጠሙ ያዋጣል። ኤዲፋየር አር1280ዲቢ ለዚህ ከሚመረጡት አንዱ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ጥንዱ ከ130 እስከ 150 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ቆይቷል።

ለብቻው አምፕሊፋየር አይፈልግም። አምፕሊፋየሩ በቀኙ ስፒከር ሆድ ውስጥ ነው፤ ግራው በተራ ባለ ሁለት ክር ሽቦ ከቀኙ ይቀበላል። ሽቦው ካጠረ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በሜትር ገዝቶ መቀየር ይቻላል። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጋር ማሰር ግን ግዴታ ነው። ከተገላበጠ ድምፁ አይጠፋም፤ ቤዙ ይሳሳል፣ መሃል ላይ መምጣት ያለበት የተዋናይ ንግግርም ከየት እንደሚመጣ ግራ ያጋባል። ብዙ ሰው ይህን የስፒከሩ ድክመት አድርጎ ያወራዋል።

የሁለቱ ጉልበት በድምሩ 42 ዋት ነው። «የእኔ እኮ 1000 ዋት ነው» የሚል ባለ ሆም ቲያትር አይጠፋም፤ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥርና ስፒከሩ ሳይቋረጥ የሚያወጣው ጉልበት ግን ለየቅል ናቸው። ለ3 በ4 ሜትር ሳሎን 42 ዋት እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው። ቤዙ የሚወርደው እስከ 51 ኸርዝ ድረስ ነው። ፍንዳታው ይሰማል፣ ደረት ግን አይመታም። ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ጉድለት አይደለም፤ የጎረቤትን ኮርኒስ የሚያናውጠው ከዚያ በታች ያለው ነውና።

ለጠባብ ቤት ትልቁ ጥቅሙ የአየር መውጫ ቀዳዳው ከፊት መሆኑ ነው። ቀዳዳቸው ከኋላ የሆኑ ስፒከሮች ግድግዳ ላይ ሲጠጉ ቤዛቸው ያብጣል፣ ያጉረመርማል። ይኼኛው ግን ከግድግዳው 5 እና 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ መቀመጥ ይችላል።

አሁን ወደሚያስቸግረው ቦታ እንምጣ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4ም ሆነ ፕሮው ድምፅን በብርሃን የሚያሳልፍ የኦፕቲካል መውጫ ነበራቸው፤ 5 ላይ የለም። ኤዲፋየሩ ደግሞ ኤችዲኤምአይ የለውም። ስለዚህ የጌሙ ድምፅ በቴሌቪዥኑ በኩል መዞር አለበት፦ ከፕሌይስቴሽኑ በኤችዲኤምአይ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ገመድ ወደ ቀኙ ስፒከር። የዲሽ ሪሲቨሩም በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥኑ ላይ ከተሰካ ድምፁ በዚያው መንገድ ይመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ቴሌቪዥናችሁ ጀርባ ላይ ኦፕቲካል የሚል አራት ማዕዘን ቀዳዳ መኖሩን እዩ፤ አንዳንድ ርካሽ ሞዴሎች ላይ የለም።

የገመዱ ጫፎች ላይ ስስ የፕላስቲክ ቆብ አለ። ሳይወልቅ ለመሰካት የሚታገል ሰው ብዙ ነው፤ ቀዳዳው እስኪሰበር የሚገፋም አለ። ቆቡን አውልቁ፣ አንዱን ጫፍ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ቀይ ብርሃን መውጣቱን ተመልከቱ። ብርሃኑ ካለ ገመዱ ደህና ነው። በግንብ ጥግ ላይ አጥፋችሁ አትወጥሩት፤ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው፣ ሲሰበር ከላይ አይታይም።

ከዚያ ዋናው ነገር፦ ፒሲኤም። ኤዲፋየሩ ዶልቢንም ሆነ ዲቲኤስን፣ ማለትም ታሽገው የሚመጡትን የፊልም ድምፆች፣ መፍታት አይችልም፤ የሚገባው ያልታሸገ ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ፣ ማለትም ፒሲኤም ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ «አውቶ» ላይ ከተተወ ዶልቢ ሲያገኝ እንዳለ ያሳልፈዋል፣ ስፒከሩም ዝም ይላል ወይም ይንጫጫል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዩቲዩብ ይሰማል፣ ኔትፍሊክስ ላይ ፊልም ሲከፈት ጸጥ። «ተበላሽቷል» ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ይኼው ነው። ሳምሰንግ ላይ «ሳውንድ» ውስጥ «ኤክስፐርት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲጂታል አውትፑት ኦዲዮ ፎርማት» ገብታችሁ ፒሲኤም ምረጡ። ኤልጂ ላይ «ዲጂታል ሳውንድ አውትፑት» የሚለው ነው። እዚያው አካባቢ የድምፅ መዘግየት የሚል ካለ ዜሮ አድርጉት። ፕሌይስቴሽኑ ላይ ደግሞ «ሴቲንግስ»፣ «ሳውንድ»፣ «ኦዲዮ አውትፑት» ብላችሁ ፎርማቱን «ሊኒየር ፒሲኤም» አድርጉ። ድምፁን ከዙሪያ የሚመጣ የሚያስመስለው፣ ለቴሌቪዥን ስፒከር የተዘጋጀው ስሪዲ ኦዲዮ በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ስሌቱ ለቴሌቪዥኑ ገላ እንጂ አንድ ሜትር ተኩል ተራርቀው ለቆሙ ስፒከሮች አይደለም።

ኦፕቲካሉ የሚያናድድ ጠባይ አለው። በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ድምፁ በቴሌቪዥኑ ሪሞት አይቀነስም፣ የኤዲፋየሩን ሪሞት መያዝ ያስፈልጋል። ሶስት ሪሞት ያለበት ቤት አራተኛ ይጨመርበታል። ቤት ውስጥ እናት ወይም አያት ዜና የሚያዩ ከሆነ፣ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ የሚቀበል መግቢያ) ያለውና በአንድ ሪሞት የሚሠራ ሳውንድባር ለሰላም ይሻላል። ስፒከሩ ማብሪያ ማጥፊያውም ከኋላ ነው፤ ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ላስቀመጠው ሰው እጅ ማስገባት ጣጣ ነው።

ግን ኦፕቲካሉ አንድ ትልቅ ነገር ያድናል። በቀይና ነጭ ገመድ ሲገናኝ ዲሹ ባለበት ቤት ብዙ ጊዜ «ዥዥዥ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ከጣሪያ የሚወርደው የዲሽ ኬብል ዕቃዎቹን በብረት ለብረት ስለሚያያይዛቸውና የመሬት መስመሩ በወጉ ስላልተዘረጋ ነው። በኦፕቲካል ገመድ ኤሌክትሪክ ስለማያልፍ ጩኸቱ እዚያው ይቀራል።

ብሉቱዙ ከስልክ ዘፈን ለመስማት ጥሩ ነው። ለጌም አይሆንም፤ ፕሌይስቴሽን 5 ራሱ ለድምፅ ብሉቱዝ አይፈቅድም፣ በቴሌቪዥኑ ብሉቱዝ በኩል ከዞረ ደግሞ ኳሷ ከተመታች በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰው።

አቀማመጥ ላይ መለኪያ ሜትር ያዙ። ባለ 50 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 112 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ እያንዳንዱ ስፒከር 15 አካባቢ፤ ከክፍተቶቹ ጋር 1 ሜትር ከ60 የሚሆን ጠረጴዛ ወይም ቡፌ ይፈልጋል ማለት ነው። የቀኙ ስፒከር የድምፅና የቤዝ መቆጣጠሪያዎች ጎኑ ላይ ስለሆኑ በዚያ በኩል ለጣት የሚሆን ክፍተት ተዉ። ሶፋው 2 ሜትር አካባቢ ከራቀ ሁለቱ ስፒከሮች ከ1 ሜትር ከ30 እስከ 1 ሜትር ከ60 ተራርቀው፣ ፊታቸውን ትንሽ ወደ ተቀማጩ ቢያዞሩ ይበቃል። ከክፍሉ ጥግ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አርቁ፤ አንዱ ጥግ ውስጥ ከተወተፈ በዚያ ወገን ቤዙ ይከብዳል።

ምንም ሳታነጥፉ ቡፌው ላይ ግን አታስቀምጡት። ቤዝ ያለው ዘፈን ከፍታችሁ መዳፋችሁን ቡፌው ላይ አድርጉ። እንጨቱ እጃችሁ ስር የሚንዘረዘር ከሆነ ቡፌውም ሦስተኛ ስፒከር ሆኗል ማለት ነው፣ እሱም በእግሮቹ በኩል ወለሉን፣ ወለሉ የታችኛውን ቤት ኮርኒስ ይነቀንቃል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ የስፖርት ምንጣፍ 15 በ20 ሴንቲ ሜትር እየቆረጡ ሦስት አራት ድርብ ማንጠፍ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም፣ ስፒከሩ ይሰምጥበታል። አረቢያን መጅሊስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጆሮው ዝቅ ስለሚል 50 ሴንቲ ሜትር ቡፌ ይስማማዋል። ከፍ ያለ ሶፋ ካለ ከስፒከሩ ፊት ስር ስስ ነገር ጨምራችሁ ቀና አድርጉት፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ላይኛዋ ትንሿ ስፒከር ጆሮን እንድታይ።

ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ያለው ሳሎን መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። የሚያቃጭል ከሆነ ማንኛውም ስፒከር እዚያ ቤት ይጮሃል። ወፍራም መጋረጃና መሃል ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ከማንኛውም የኢኳላይዘር ማስተካከያ የበለጠ ይሠራሉ። መጅሊስ ያለው ሳሎን በዚህ ረገድ የታደለ ነው፤ ያ ሁሉ ስፖንጅና ትራስ ማሚቶውን ይውጠዋል።

ፕሌይስቴሽን 5 ስሊም ራሱ ቁመቱ 358፣ ስፋቱ 216፣ ውፍረቱ 96 ሚሊ ሜትር ነው። የሚያቆመው እግር ለብቻው ስለሚሸጥ አግድም ማስተኛቱ ቀላሉ ነው። ከሁሉም አቅጣጫ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ባለ መስታወት በር ቡፌ ውስጥ መቆለፍ ማፈን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ ስስ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው፤ ማራገቢያው እዚህ ጠንክሮ ቢሠራ አይግረማችሁ። ነጭ ሽፋኑ ሲወልቅ አቧራ ማጠራቀሚያ ቀዳዳዎች ይገኛሉ፣ በመጥረጊያ ማሽን ይሳቡ። ከዚያ በላይ ግን አትፍቱት። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ብረት ነው፣ ተራ የኮምፒውተር ቅባት ቀብቶ የሚመልስ ጠጋኝ ጉድ ያደርጋችኋል።

መብራቱ ላይ አትሰስቱ። ጌሙ ሲጫወት ፕሌይስቴሽኑ 200 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ቴሌቪዥኑ 100፣ ስፒከሩ ጥቂት። 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዘው) ከ325 እስከ 390 ዋት ስለሚችል ጠርዝ ላይ ነው፤ 1000 ቪኤው ጌሙን ሴቭ አድርጎ በወጉ ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ማሽኑን «ረስት ሞድ» ላይ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ሳያጠፉ አሸልቦ፣ ትቶ መተኛት እዚህ አገር አያዋጣም፤ ሌሊት መብራት ሲሄድ እንደ ድንገተኛ መቋረጥ ነው የሚቆጥረው፣ የመረጃ ቋቱም ሊበላሽ ይችላል። ሌላው ጠላት የእንጀራ ምጣድ ነው። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ ሲበራ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ የሚል ከሆነ ፕሌይስቴሽኑም ያንኑ ጉድለት እያየ ነው። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ዩፒኤስ ወይም ስታቢላይዘር ካልተገኘ፣ እንጀራ እየተጋገረ ኳስ መጫወቱ ይቅር።

ከምሽት 3 ሰዓት በኋላ ስፒከሩን አሳርፉት። የጆይስቲኩ ግርጌ ላይ ያለው 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተራውን የስልክ ኢርፎን ይቀበላል፣ ስሪዲ ኦዲዮውም በእሱ ይሠራል፤ የተቃዋሚው እግር ኮቴ ከኋላ ሲመጣ ከስፒከሩ ይልቅ በዚህ ነው የሚለየው። ማይክ የሌለው ኢርፎን ከሆነ የጆይስቲኩ ማይክ ክፍት እንደሆነ ይቆያል፣ የሳሎኑን ወሬ ባዕድ አገር ያለ ተጫዋች እንዳይሰማው መሃል ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ተጫኑ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው፤ 120 ብቻ ከሆነ እዚህ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የሞዴሉንም ፊደል ቆጥራችሁ እዩ፦ መጨረሻው ላይ «ኤስ» የተጨመረበት አር1280ዲቢኤስ የሰብዉፈር መውጫ አለው፣ ዲቢው የለውም። መሬት ላይ ያለ ቤት ያላችሁ ወይም ወደፊት ቤዝ ልጨምር የምትሉ የኤስ ያለበትን ግዙ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ ሰው ዲቢው ይበቃል።