በማርች ለሚገዛ የግቢ አበባ፦ ሃይድሬንጃ፣ አዛሊያ፣ ፎርሲቲያ ወይስ ክሬፕ ሜርትል?

አገር ቤት ክረምት ሲባል ዝናብና ጭቃ ነው፤ እዚህ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግቢው ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ መቀስ የሚያነሳም ሰው በዚሁ ይሳሳታል። የአበባ ቁጥቋጦ ሊገዛ የሚሄድ ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀው ቀለሙን ነው፤ እኔ ግን ከቀለሙ በፊት መጠየቅ ያለበት አበባው የሚወጣው ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ ላይ ነው ወይስ ዘንድሮ ከሚያድገው ላይ የሚለው ይመስለኛል። ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ የሚያብበው እንቡጡን የቋጠረው ባለፈው የበጋ ማብቂያ ስለሆነ፣ በማርች የከረከመው ሰው የዘንድሮውን አበባ አብሮ ይቆርጠዋል።

ይህን የተማርኩት በሃይድሬንጃ ነው። ማክሮፊላ የሚባለውን፣ ክብ ክብ አበባ የሚያወጣውን ዓይነት ተክዬ፣ በማርች የደረቀ ጭራሮ መስሎኝ እስከ ጉልበት ድረስ ከረከምኩት፤ በበጋው ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል አገኘሁ እንጂ አንድም አበባ አላየሁም። ጎንበስ ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ በየጭራሮው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያበጡት እንቡጦች ይታዩኝ ነበር። ማክሮፊላ ውበቱ አያከራክርም፤ አሲዳማ አፈር ላይ ሰማያዊ፣ አሲድ በሌለው አፈር ላይ ደግሞ ሮዝ የሚሆኑ ዝርያዎች አሉት። ይሁን እንጂ የረፋድ ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ይፈልጋል፣ ውኃ ሲጎድለው ወዲያው ይጠወልጋል፣ መከርከሙን በትክክል ቢተዉለት እንኳ የኤፕሪል ውርጭ እንቡጡን ሊበላው ይችላል። ፓኒኩላታ የተባለው ዘመዱ ግን በዘንድሮው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብብ በማርች ሲሶውን ቢቆርጡት ቅር አይለውም፤ ፀሐይም ብርድም ይችላል፤ ሾጣጣው አበባው ነጭ ወይም ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ ይጀምርና ወደ መጸው ሲቃረብ ወደ ሮዝ ይለወጣል፣ ሰማያዊ ግን በምንም አፈር አይሆንም። ሁለት ሥራ እየሠራ ግቢውን በሳምንት አንዴ ለሚያይ ሰው ያለማመንታት ፓኒኩላታን እመርጣለሁ። ላይምላይት የተባለው ዝርያ ግን እስከ 2.4 ሜትር ስለሚያድግ ከመስኮት ሥር አይተከልም። በሁለቱ መካከል ኤንድለስ ሰመር አለ፤ ማክሮፊላ ሆኖ በአሮጌውም በአዲሱም ቅርንጫፍ ስለሚያብብ፣ ውርጭ የወሰደውን ዘግየት ብሎ የመተካት ዕድል ይሰጣል።

ግቢው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ከሆነ አዛሊያ ይሻላል። ቅጠሉን በክረምት የማያረግፍ ዝርያ በብዛት ይገኛል፤ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ ሥሩ ከላይ ከላይ የሚሄድ ስለሆነ ጥልቅ ተቀብሮ ከተተከለ ይሞታል። የክረምት መውጫ ሥራው የተፈጨ የጥድ ቅርፊት ከግንዱ ፈቀቅ አድርጎ መጎዝጎዝ ብቻ ነው፤ መከርከም ካስፈለገ አበባው እንደረገፈ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ አዛሊያ ግን ቅጠሉን በሚመጥጥ ተባይ እየተጠቃ ይነጣል። ከመግዛትዎ በፊት በኤፕሪል መጨረሻ ዲሲ ወደሚገኘው ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፍና የቁጥቋጦ ማሳያና መመራመሪያ ግቢ) ጎራ ቢሉ፣ መግቢያው ነጻ ነውና፣ ኮረብታውን የሸፈኑትን ቀለሞች አይተው ይወስናሉ። አጋዘን በሚመላለስበት ሠፈር ግን አዛሊያም ሃይድሬንጃም የእሱ ቀለብ ናቸው።

ፎርሲቲያ ቅጠል ሳያወጣ በማርች ወርቅ የሚለብስ፣ አደይ አበባን የሚያስናፍቅ ነው፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ዓመቱን ሙሉ ተራ ቁጥቋጦ ሆኖ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ለትንሽ ግቢ አልመክረውም። ላለው ሰው ደግሞ በፌብሩዋሪ ጥቂት ዘንጎች ቆርጦ ቤት ውስጥ ውኃ ውስጥ ማቆም ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባሉ።

ፀሐይ የበዛበትና አጋዘን የሚበዛበት ቦታ የክሬፕ ሜርትል ነው፤ ከጁላይ ጀምሮ ያብባል፣ አጋዘንም እምብዛም አይነካውም። በአዲስ ቅርንጫፍ ስለሚያብብ በማርች መከርከም ይቻላል፤ በየመንገዱ እንደሚታየው ግን አናቱን ጉማጅ ማድረግ ቅርጹን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። ያው አርቦሬተም በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣው ናቼዝ የተባለው ነጭ ዝርያ ከ6 ሜትር በላይ ስለሚሄድ፣ ቦታ የሌለው ሰው በመቀስ ሲታገል ከሚኖር ገና ሲገዛ አጭር ዝርያ ቢይዝ ይሻለዋል።

ለፋሲካ ስጦታ ተብሎ በአንጸባራቂ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ሃይድሬንጃና አዛሊያ በግሪንሃውስ ሙቀት ያለጊዜው እንዲያብብ የተደረገ ነው፤ ጠረጴዛ ያስጌጣል እንጂ የውጭውን ክረምት ስለመቻሉ ዋስትና የለውም። ለግቢ የሚሆነውን ሲመርጡ የቅርንጫፉን ቅርፊት በጥፍርዎ ጫር ያድርጉ፤ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ከዚያም ከፕላስቲኩ መዘዝ አድርገው ይዩት፤ ሥሩ እርስ በርሱ ተጠምጥሞ እንደ ገመድ ጥቅል ከሆነ ይመልሱትና ጎኑ ያለውን ያንሱ።