ሐይቁ ዳር ያለው የኪራይ ግቢ፣ ከ3 ዓመት በኋላ (መሬት ገዝተን እንገላገል ለምትሉም)

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ብስክሌት የምንነዳ ሰዎች ነን፣ ወደ 40 እንሆናለን፣ አስተማሪ አለ ነርስ አለ ጋራዥ የሚሰራ አለ። በዓመት 3 ጊዜ ከሻሸመኔ ከአዳማ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጂዎችን ጨምረን ሁለት ሁለት ሌሊት ቴንት ተክለን የምናድርበት ዝግጅት አለን፣ ላለፉት 3 ዓመታት ያዘጋጀነው ደግሞ ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የኪራይ ግቢ ነው። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም፣ የግቢውን ነገር ግን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዘንድሮ "ኪራይ ምን ያደርግልናል የራሳችንን መሬት እንግዛ" ብለን ግማሽ ዓመት ስንዞር ከርመን ነው ይሄን የምጽፈው።

መጀመሪያ ጥሩውን። ግቢው ትልልቅ ዋርካዎች አሉት፣ ቀን ፀሐይ አያስቸግርም፣ ሳሩ ተቆርጦ ነው የሚጠብቀን። 4 ሽንት ቤት 2 ሻወር አለ፣ ለ60 ሰው ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው ግን ንጹህ ነው። ውሃ ሲጠፋ ሮቶው ይይዛል፣ ባለፈው መጋቢት ሁለቱንም ቀን ውሃ አልነበረም፣ ካልተነገረን አናውቅም ነበር። ማብሰያው ክፍት ዳስ ነው፣ አሣውን ጠዋት ከአሞራ ገደል የአሣ ገበያ ገዝተን ይዘን እንሄዳለን፣ ሾርባውንም ጥብሱንም እዛው እንሰራለን፣ አሣ ማጠቢያው ለብቻው ነው ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ዘበኛው ደግሞ ለብቻው አንድ ኮከብ ይገባዋል። ጋሼ ነው የምንለው፣ አካባቢውን ልቅም አድርጎ ያውቃል። የመጀመሪያው ዓመት ልጆቹ ሐይቁ ጫፍ ላይ ቴንት መትከል ጀምረው ነበር፣ "ተነሱ ከዚህ፣ ጉማሬ ማታ ሳር ሊበላ የሚወጣው በዚህ ነው" ብሎ መንገዱን እየሄደ አሳያቸው፣ እውነትም ጭቃው ላይ ዱካው አለ። ከዛ ወዲህ ከውሃው ራቅ ብለን ነው የምንተክለው። ብስክሌቶቹንም ማታ እየቆጠረ ያስገባል፣ በ3 ዓመት አንዲት መብራት እንኳን አልጠፋችብንም።

ዋጋው ለአንድ ሌሊት 20 ሺህ ብር ነው፣ ለሰው ሲካፈል አይከብድም።

አሁን ቅሬታው። ባለፈው ጥቅምት ሦስት ቀን ሲቀረን ተደወለልን፣ ግቢው ለሠርግ ተይዟል ተባልን። ቀብድ ከፍለናል፣ በቴሌብር ነው የከፈልነው ደረሰኙም አለ። ያገኘነው መልስ ገንዘባችሁን እንመልሳለን ብቻ ነው፣ መለሱም። ግን ከአዲስ አበባ የሚመጡት ፈቃድ ወስደው ብስክሌታቸውን አውቶቢስ ላይ ለማስጫን ተነጋግረው ጨርሰው ነበር፣ ከ10 በላይ ሰው ቀረ፣ ሌሎቻችን በየሰው ቤት ተከፋፍለን አደርን። በጣም ነው ያዘንኩት እስካሁንም ይሰማኛል፣ አዲስ የመጣች አንዲት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻሸመኔ ደርሳ ለመመለስ ወራት ስትለማመድ ነበር።

የመሬቱ ወሬ የተነሳው በዛ ሳምንት ነው። በየወሩ ስናዋጣ የቆየነው 640 ሺህ ብር አካባቢ ደርሷል፣ ሁሉም ሰው በንዴት ላይ ነው፣ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ ሦስት ሆነን ደላላ ይዘን መዞር ጀመርን።

አንደኛው ቦታ 2 ሺህ ካሬ ሐይቁ አጠገብ፣ እይታው ልብ ይሰርቃል። የካቲት ነው፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ደላላው "ቴንት መትከያ ይሄ ነው" ይላል። ጋሼን ይዘነው ሄደን ስለነበር ወደ ጠርዙ ወስዶ ደርቆ የቀረ ፊላ አሳየን፣ ፊላ የበቀለበት ቦታ ውሃ ደርሶበት ያውቃል አለን። ሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል ዝናቡም ይገባበታል፣ የሚወጣለት ነገር የለም፣ ስለዚህ ክረምቱ ሲከብድ ይነሳል፣ ከተማው ዳር ግድቡ የተሰራው ሐይቁ ሞልቶ ስላስቸገረ ነው። እኛ በየካቲት ያየነው መሬት መስከረም ላይ የት እንደሚሆን ማንም ቃል ሊገባልን አይችልም። ሐይቅ ዳር ቦታ የምታዩ ሰዎች እባካችሁ ክረምት ሲወጣ ሄዳችሁ እዩት።

ሁለተኛው ከሐይቁ ራቅ ያለ የገበሬ መሬት ነው፣ ዋጋውም ቁጠባችን ውስጥ ይገባል፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ወረቀት ስንጠይቅ የግብር ደረሰኝ ነው የመጣው። እዚህ ላይ ነው ቆም ያልነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አይሸጥም አይለወጥም፣ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብትና በላዩ ላይ ያፈራው ንብረት ነው። ደላላው ይሄን ስንለው አልደነገጠም፣ "የብድር ውል አድርገን እንጽፈዋለን ሁሉም እንደዛ ነው የሚያደርገው" አለን። ማለት ነገ ገበሬው ወይ ልጆቹ ቢክዱን በእጃችን ያለው ብድር ሰጥተናል የሚል ወረቀት ነው፣ መሬት የሚል ነገር የለበትም። የ40 ሰው መዋጮ ይዤ እንደዛ ያለ ወረቀት ላይ አልፈርምም ብያለሁ፣ ገበሬውንም ማንንም ጥፋተኛ ማድረጌ አይደለም፣ መሬቱን በአክብሮት ነው ያሳዩን።

በሊዝ እንውሰድ ያሉም ነበሩ። ሊዝ የከተማ ቦታ ነው፣ በጨረታ ትወዳደራለህ፣ ካሸነፍክም በተቆረጠልህ ጊዜ ውስጥ ግንባታ መጀመር አለብህ፣ ሳሩን ጠብቀን በዓመት 3 ጊዜ ቴንት እንትከልበት ማለት አይሆንም።

ከዛ ደግሞ ማንም ያላሰበው ጥያቄ መጣ፣ በማን ስም? እኛ የቴሌግራም ግሩፕና የባንክ ደብተር ነው ያለን፣ እንደ ማህበር አልተመዘገብንም። በሊቀመንበሩ ስም ይሁን ቢባል እሱ አንድ ነገር ቢሆን መሬቱ የወራሾቹ ነው፣ ከሚስቱ ጋር ቢፋታ ክርክር ውስጥ ይገባል፣ እሱ ራሱ ነው ተነስቶ "ይሄን ሸክም አታሸክሙኝ" ያለን። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ (1113/2011) መሠረት ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ይቻላል፣ በራስ ስም ውል ለመዋዋልም ይጠቅማል፣ አሁን ሁለት ልጆች መተዳደሪያ ደንቡን እያረቀቁ ነው። መሬት ብታስቡም ባታስቡም ከዚህ ጀምሩ።

ሒሳቡንም ቁጭ ብለን ሰራነው። ግቢው በዓመት 6 ሌሊት 120 ሺህ ብር ያስወጣናል። የራሳችን ቢሆን ዘበኛ በወር 6 ሺህ ብንከፍል ብቻ 72 ሺህ ነው፣ ለ12 ወር፣ እኛ ለምንገኝባት 6 ሌሊት። 40 በ50 የሆነ መሬት ዙሪያው 180 ሜትር ነው፣ የቆርቆሮና የእንጨት አጥሩ የሠራተኛውን ጨምሮ ከቁጠባችን ግማሽ በላይ ይበላል። ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ መብራት ገና አልተነሱም።

ግን መሬት የሚሉትን አልቃወማቸውም፣ ስሜታቸው ይገባኛል። ዛፍ ብንተክል ነገ ይጠብቀናል፣ ለልጆች መለማመጃ መንገድ ብንሰራ ሰኞ ማንም አያፈርሰውም፣ ትርፍ ብስክሌቶቹ በየሰው በረንዳ ዝናብ አይመታቸውም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው እኔም እመኘዋለሁ።

የለወጠን ግን አንድ ሕግ የምታውቅ አባላችን ናት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ላይ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። እኛ ለ3 ዓመት ቀብድ ስንከፍል አንድ ቀን ይሄን አናውቅም ነበር፣ በስልክ ተነጋግረን ብር እንልካለን በቃ። ባለንብረቷ ጋ ሄደን በእርጋታ አነጋገርናት፣ የጥቅምቱን ይቅርታ ጠየቀች፣ የሁለት ዓመት ውል በጽሑፍ ተፈራረምን፣ 6ቱም ዝግጅት ቀናቸው ተጽፏል፣ ቀብዱ እጥፍ እንደሚመለስም ተጽፏል። ከዳሱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ መጋዘንም በወር 1,500 ብር ሰጠችን፣ 9 ብስክሌትና ቴንቶቹ እዛ ገብተዋል፣ ቁልፉ አንዱ ጋሼ ጋ ነው።

ስለዚህ ለግቢው ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ የጎደለችው አንድ የጥቅምቷ ናት፣ የጥር ወር ዝግጅት በቀኑ ከሆነ እጨምራለሁ። ሌሎች ክለቦች ይሄን ግቢም ይሁን ሌላ ቦታ ስትከራዩ ውል በወረቀት አድርጉ፣ ቀብድ የሚለውን ቃል ደረሰኙም ላይ አጽፉት፣ ማታም ከውሃው ራቁ። ጥር ላይ ቦታ አለን፣ ከአዳማ የምትመጡ ቴንት ከሌላችሁ ቀድማችሁ ንገሩን፣ መጋዘን ውስጥ 4 ትርፍ አሉ።